አምስተኛው ሯጭ፦ በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የረጅም ርቀት ሩጫ ቡድን መልካም ባህል እንዴት ይገነባል?

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ርዕሴ ጠባብ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ አንድ የስፖርት ዓይነት፣ ያውም በአንድ የዕድሜ ክልልና በአንድ ዓይነት ተቋም ውስጥ ስለሚካሄድ ነገር ነው። ሆኖም በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ በቅርቡ በየወረዳው ወደሚገኙ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት መምህራን ሆነው ይሄዳሉ። እዚያም በማለዳ ሜዳ ላይ የሚጠብቋቸው ሃያ ወይም ሠላሳ ልጆች ይኖራሉ። ከእነዚህ ልጆች መካከል በሩጫ እንጀራውን የሚበላ አንድ ይገኝ ይሆናል፤ አንድም ላይገኝ ይችላል። ሁሉም ግን የዕድሜያቸውን ወሳኝ ዓመታት በእናንተ እጅ ያሳልፋሉ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አሰልጣኙ ለዚያ ለአንዱ ሲል ሌሎቹን ሃያ ዘጠኙን ምን ያደርጋቸዋል?

በእኔ እምነት የሩጫ ቡድን ባህል የሚባለው ነገር ሁሉ ለዚህ ጥያቄ በተግባር የሚሰጠው መልስ ነው።

ባህል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ስለ ቡድን ባህል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መፈክር፣ አንድ ዓይነት ቱታና የደስታ ስሜት። ሦስቱም አይጠሉም፤ ባህል ግን አይደሉም። መፈክር በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም ሳያነበው ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ዓይነት ቱታ የለበሱ ልጆች እርስ በርሳቸው በዓይነ ቁራኛ የሚተያዩ ተቀናቃኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ደስታም ከውድድር ውጤት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ነው።

ባህል አሰልጣኙ በሌለበት የሚደረገው ነገር ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ አንድ ቡድን ውስጥ የገባ ልጅ ማንም ሳያስረዳው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ያገኛል። አንደኛ፣ እዚህ የሚቆጠረው ማን ነው? ሁለተኛ፣ እዚህ የሚመሰገነው ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ እዚህ የደከመ፣ የታመመ ወይም የተሸነፈ ሰው ምን ይደርስበታል? ልጁ መልሱን የሚያገኘው ከንግግር አይደለም። አሰልጣኙ ሰዓት የሚይዘው ለማን እንደሆነ፣ ከውድድር በኋላ መጀመሪያ የሚያናግረው ማንን እንደሆነ፣ የመጨረሻው ሯጭ ሲገባ ሜዳው ላይ ማን እንደቀረ እያየ ይማራል። የንግግሬን አካሄድ የሚመሩትም እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው።

የግል ስፖርት ነው የሚለው አስተሳሰብ

«እግር ኳስ የቡድን ጨዋታ ነው፤ ሩጫ ግን የግል ነው» የሚል አባባል ከተማሪዎች አንደበት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አባባሉ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ባይሆንም ውድድሩን ከልምምዱ ጋር ያደባልቃል። የአንድ የ5,000 ሜትር ውድድር አሸናፊ በእርግጥ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ለውድድሩ የበቃባቸው ብዙ መቶ ሰዓታት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች ጋር የተሮጡ ናቸው።

በአገራችን ይህ በተለይ ጎልቶ ይታያል። በእንጦጦ ጫካ፣ በሱሉልታ ሜዳና በሰንዳፋ መንገድ ማለዳ የሚታየው ሥዕል በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ የሚሮጥ ቡድን ነው። ከፊት የሚሮጠው ነፋሱን ይቆርጣል፣ መንገዱን ይመርጣል፣ ፍጥነቱን ይወስናል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ሐሳቡን አሳርፎ እግሩን ብቻ ይከተላል። ከዚያ ተራው ይቀየራል። በኢትዮጵያ ሯጮች መካከል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮውሊ ካተኮረባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ ለውጤት የሚደረግ ሩጫ በጋራ የሚሠራ ሥራ ተደርጎ እንደሚታይና ብቻውን የሚሮጥ ሰው በጥርጣሬ እንደሚታይ ጽፏል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደቦና ወንፈል፣ ዕቁብና ዕድር ያለው ማኅበረሰብ ጉልበትና ገንዘብ በየተራ ሲዋጣ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ለሩጫ ሰልፍም ይሠራል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብሮ መሮጥና ቡድን መሆን አንድ አይደሉም። ዕቁብ የሚጸናው እያንዳንዱ አባል ተራው እንደሚደርሰው ስለሚያምን ነው። በሩጫ ሰልፍ ውስጥም ከኋላ ያሉት ሁልጊዜ ለፊተኛው ማገዶ ብቻ ከሆኑ፣ ከውጭ ሲታይ አንድነት የሚመስለው ነገር ከውስጥ ጥቂቶችን ለማጣራት የተዘረጋ ወንፊት ሆኖ ይገኛል።

ነጥብ አቆጣጠር የሚያስተምረው

የሚቆጠረው ማን ነው ወደሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ ስንመጣ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ ሕግ ግሩም መማሪያ ይሆነናል። የአሜሪካን የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሠራር እንውሰድ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሰባት ሯጮችን ያሰልፋል። የመጀመሪያዎቹ አምስት የገቡበት ደረጃ ይደመራል፤ ዝቅተኛ ድምር ያገኘው ቡድን ያሸንፋል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ሯጭ ነጥባቸው ባይደመርም፣ ከተቃራኒ ቡድን ሯጮች ቀድመው ከገቡ የዚያን ቡድን ድምር ከፍ ያደርጉታል። ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ካመጡ ደግሞ አሸናፊው በስድስተኛው ሯጭ ይለያል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሯጮች 1ኛ፣ 2ኛ፣ 18ኛ፣ 22ኛ እና 30ኛ ወጡ እንበል፤ ድምሩ 73 ነው። የሁለተኛው ትምህርት ቤት ሯጮች 6ኛ፣ 8ኛ፣ 10ኛ፣ 12ኛ እና 15ኛ ወጡ፤ ድምሩ 51 ነው። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ግቢዎች ውስጥ አንድም ሯጭ ያልነበረው ሁለተኛው ትምህርት ቤት በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። አሁን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ቀሪውን ወቅት በማን ላይ ቢሠራ ይሻለዋል? አንደኛ የወጣውን ልጅ ከዚህ በላይ ሊያሻግረው አይችልም፤ ነጥቡ ከአንድ በታች አይወርድም። 30ኛ የወጣው ልጅ ግን ወደ 20ኛ ቢጠጋ ለቡድኑ ዘጠኝ ያህል ነጥብ ያተርፋል። ስለዚህ በዚህ ስሌት ለቡድኑ ዕጣ ወሳኝ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው ሯጭ ነው። ማንም ስሙን የማይጠራው ያ ልጅ የሚሮጣት እያንዳንዷ እርምጃ ትቆጠራለች።

በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናም የቡድን ነጥብ በተመሳሳይ መርህ ይሰላል። የእኛው ታሪክ ለዚህ የማይረሳ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 ማድሪድ ላይ የኢትዮጵያ ሯጮች ከፊት ሆነው እየመሩ ሳለ ውድድሩ ያለቀ መስሏቸው አንድ ዙር ሲቀረው የመጨረሻውን ፍጥነታቸውን አወጡ። ስሕተቱን ሲረዱ የግል ድሉ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አንደኛ፣ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሆኑ። የቡድኑ ዋንጫ ግን የኢትዮጵያ ሆነ። ከዚያ ዓመት ጀምሮም እስከ 1985 ድረስ የኢትዮጵያ ወንዶች ቡድን በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፏል። አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚሸፍንለት ቡድን ማለት ይህ ነው።

የትምህርት ቤት ውድድር በመም ላይ ብቻ ሲካሄድና ሜዳሊያው ለሦስት ሰው ብቻ ሲሰጥ፣ ደንቡ ራሱ ለልጆቹ «አራተኛ ከወጣህ አትቆጠርም» ብሎ ይነግራቸዋል። አሰልጣኙ የወረዳውን የውድድር ደንብ መለወጥ አይችል ይሆናል። በራሱ ሜዳ ላይ ግን የቡድን ነጥብ የሚሰላበት የአገር አቋራጭ ውድድር በየወሩ ማካሄድ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት፣ አንድ ደብተርና አንድ ኮረብታ ነው።

ደንብ ብቻውን ግን ባህልን አይፈጥርም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን፣ ከጉዳት ጋር ይሮጥ የነበረው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወደ ኋላ ሲቀር ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው እንደጠበቁት እናስታውሳለን። ያ ውድድር የቡድን ነጥብ አልነበረውም። ማንም አላዘዛቸውም፤ የሚሸልማቸውም አልነበረም። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር አገኙ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ደንቡ የማይጠይቀውን ነገር ማድረግ የቻሉት ከደንቡ በፊት የተሠራ ነገር ስለነበረ ነው።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩ እንዴት እንደሚያብር ግን ብዙ አንጠይቅም። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራው ሰዎች ገመድ በጋራ ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ሰው ጉልበት ብቻውን ከሚጎትተው እያነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ቅንጅት ማጣት ነው፤ ሌላው እኛ በአማርኛ «ልግም» የምንለው ነው። ሰው ድርሻው ለይቶ በማይታይበት ቦታ ይለግማል። በኋላ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችም የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ ሲታወቅ ልግሙ እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል።

ከዚህ በተቃራኒ፣ ጀርመናዊው ኦቶ ኬለር በ1920ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ሌላ ነገር አስተዋለ። የቡድኑ ውጤት በደካማው አባል ላይ ሲመሠረት፣ ያ ደካማ አባል ብቻውን ከሚሠራው የበለጠ ይበረታል። ሁለቱን ግኝቶች አንድ ላይ ስናነባቸው ለአሰልጣኝ ግልጽ መመሪያ ይሰጣሉ። ልጅን በቡድን ውስጥ የሚያበረታው ድርሻው ሲታይና ያለ እርሱ ቡድኑ እንደማይሆንለት ሲያውቅ ነው። አምስተኛው ሯጭ ላይ ይህን ያህል ያተኮርኩት ስለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ምን ይመሰገናል ወደሚለው እንለፍ። ጆን ኒኮልስና እርሱን ተከትላ ጆአን ዱዳ ያዳበሩት አስተሳሰብ ሁለት ዓይነት የስኬት መለኪያን ይለያል። አንዱ ራስን ከትናንት ማንነት ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሌላው ራስን ከጓደኛ ጋር ማነጻጸር ነው። ሁለቱም በሩጫ ውስጥ መኖራቸው አይቀርም። አሰልጣኙ ሁለተኛውን ብቻ ሲያጎላ ግን ከፊት ያለው መሸነፍን ይፈራል፣ ከኋላ ያለው ተስፋ ይቆርጣል፣ ጓደኛም ጠላት ይሆናል። የመጀመሪያው ሲጎላ የጓደኛ መበርታት የራስን ዕድገት የሚያግዝ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አልበርት ካሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ቀደምት ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ የቡድን ትስስርና ውጤት መያያዛቸውን፣ ግንኙነቱም በሁለቱም አቅጣጫ መሆኑን አሳይተዋል። ትስስር ውጤትን ያመጣል፤ ውጤትም ትስስርን ያመጣል። እነዚሁ ተመራማሪዎች የሥራ ትስስርን ከመዋደድ ይለያሉ። ይህም ለአሰልጣኝ እፎይታ ነው። ሃያ ልጆች ሁሉ የልብ ጓደኛሞች እንዲሆኑ ማድረግ አይጠበቅበትም፤ የጋራ ሥራ እንዳላቸው ማሳመን ግን ይጠበቅበታል።

በቆጂና ኢተን

ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ረጅም ርቀት ሩጫ ስናወራ ሁለት ቦታዎችን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። አንዷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የአርሲዋ በቆጂ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ሌሎችም የኦሎምፒክ አሸናፊዎች የወጡባት ይህች ትንሽ ከተማ ከስንታየሁ እሸቱ ስም ጋር ተያይዛ ትታወቃለች። ስንታየሁ ሥራውን የጀመረው በትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ነው። ሌላዋ የኬንያዋ ኢተን ናት። አየርላንዳዊው ብራዘር ኮልም ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1976 በዚያ በሚገኘው ሴንት ፓትሪክስ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ለማስተማር መጣ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ፒተር ሮኖ በ1988 በሴኡል የ1,500 ሜትር ኦሎምፒክ አሸናፊ ሆነ። በኋላም ዴቪድ ሩዲሻ በእርሱ አሠልጣኝነት በ2012 ለንደን ላይ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሴኮንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚያመሳስላቸው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሁለቱም ወደ ሥራው የገቡት ከመምህርነት ነው፤ ለዓመታትም በአንድ ቦታ ጸንተው ቆይተዋል። አንድ ልጅ ሜዳው ላይ በመጣ ቁጥር ያንኑ ሰው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሥርዓት ያገኘዋል። ባህል በአንድ ወቅት ዘመቻ አይተከልም። የ12ኛ ክፍሉ ተማሪ ለ9ኛ ክፍሉ፣ የ9ኛ ክፍሉ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚመጣው እያስረከበ ይቀጥላል። መምህሩ በየዓመቱ የሚቀየርበት ትምህርት ቤት ይህን ማድረግ ይከብደዋል።

ሆኖም ከእነዚህ ቦታዎች የምናውቃቸው ስሞች የተሳካላቸውን ሰዎች ስሞች ናቸው። በዚያው መስክ፣ በዚያው ማለዳ ከቀነኒሳና ከጥሩነሽ ጋር የሮጡትን ልጆች ስም አናውቅም። ስለ በቆጂ የተሠራውና በ2012 ለዕይታ የበቃው «የሯጮች ከተማ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ካሜራውን ገና ስም ባላገኙ ታዳጊ ሴት ልጆች ላይ ማድረጉ ይህን ክፍተት በመጠኑ ይሞላል። ክለብ የሚፈልገው የተመረጡትን ነው፤ ማናጀርም እንዲሁ። ያልተመረጡትን ልጆች ጭምር የመያዝ ግዴታ ያለበት ብቸኛው ተቋም ትምህርት ቤት ነው። የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ከክለብ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ባህሉም በዚህ መመዘን አለበት።

በሜዳ ላይ የሚሠሩ ነገሮች

አሁን ወደ ተግባር ልግባ። የምዘረዝራቸው አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛው፣ ቀላል ሩጫን በርቀት ሳይሆን በሰዓት መስጠት ነው። «ስምንት ኪሎ ሜትር ሩጡ» ሲባል ፈጣኑ ቀድሞ ይጨርሳል፣ ዘገምተኛው ብቻውን ይመጣል፣ ሲደርስም ሰው ሁሉ ሄዷል። በምትኩ ሁሉም ሃያ ደቂቃ ወደ ፊት ይሩጥ፤ ሃያ ደቂቃው ሲሞላ እያንዳንዱ ካለበት ዞሮ ይመለስ። ፈጣኑ ርቆ ስለሄደ በመልሱ ጉዞ ከኋላ ይሆናል፤ ዘገምተኛው ከፊት ይሆናል። ሁሉም በየፍጥነቱ ቢመለስ የሚደርሱት በተቀራራቢ ሰዓት ነው። ሁሉም የሚገባውን ሠርቷል፤ ማንም ብቻውን አልቀረም።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። የቡድኑ ደብተር የአንደኛውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ሰዓትና ካለፈው ወር ያሳየውን ለውጥ ይያዝ። በአንደኛውና በአምስተኛው ሯጭ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነትም በየወሩ ይመዝገብ። ያ ልዩነት ሲጠብብ ቡድኑ እየተሠራ ነው። ይህ መዝገብ ልግምን ይከላከላል፤ የዝምተኛውን ልጅ ዕድገትም ለዓይን ያበቃል።

ሦስተኛው ኃላፊነትን ማከፋፈል ነው። የቡድን አምበል የግድ ፈጣኑ ልጅ መሆን የለበትም። ነባር ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ገቢ ይያዙ፤ ማሟሟቂያውን፣ የአተነፋፈሱን ልክ፣ ጫማ አስተሣሠሩን ሳይቀር ያሳዩት። ውኃ ማቅረብና ዕቃ መጠበቅ ደግሞ በተራ ይሁን። እነዚህ ሥራዎች ሁልጊዜ በታናናሾቹ ወይም በሴቶቹ ላይ ከወደቁ፣ ቡድኑ ማን ክቡር ማን አገልጋይ እንደሆነ በየቀኑ እያስተማረ ነው።

አራተኛው ከውድድር በኋላ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት ይልቅ «ያሰብከውን ሩጫ ሮጥክ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ዓይነት መልስ ያመጣል። አሰልጣኙ መጀመሪያ ሄዶ የሚጨብጠው እጅ የማን እንደሆነም ልጆቹ ያያሉ።

አምስተኛው ሦስተኛውን ጥያቄ በቀጥታ ይመለከታል፦ የተጎዳ ልጅ ምን ይደርስበታል? ሕመሙን የተናገረ ልጅ «ሰነፍ» ከተባለ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይናገርም። ትንሹ የአጥንት ሕመም ስብራት እስኪሆን ድረስ ይደበቃል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የባለሙያዎች የጋራ አቋም፣ አንድ ስፖርተኛ ከሚያወጣው ጉልበት ጋር የማይመጣጠን ምግብ ሲወስድ በአጥንት፣ በሆርሞን፣ በሴቶችም በወር አበባ ዑደት ላይ ጉዳት እንደሚደርስ አስገንዝቧል። ይህ ጉዳይ እኛ ጋ ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ ሆን ብሎ መቅጠን ነው። ሌላው በባዶ ሆድ መምጣት ነው። አሰልጣኝ ልጆችን በሰው ፊት መመዘንና ስለ ሰውነታቸው ማሽሟጠጥ የለበትም። ምን በልተው እንደመጡ ግን ማወቅ ይገባዋል፤ ያልበላውንም ልጅ ሳያሳፍር ጭነቱን መቀነስ ይችላል። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ ልብስ የሚቀይሩበት ቦታ፣ ሳይመሽ ቤት የሚደርሱበት ሰዓትና አብሯቸው የሚሄድ ሰው የቡድን ባህል ዋና አካል ናቸው። ወላጅ ልጁን ወደ ሜዳ የሚልከው እነዚህን አይቶ ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ትምህርቱ ራሱ ነው። ክፍል የቀረ ልጅ ከሰዓት በኋላ ልምምድ እንዳይሮጥ የሚል ደንብ በመጀመሪያ ከባድ ይመስላል። ነገር ግን 11ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ከተማ ክለብ ፍለጋ የሚሄድ ልጅ አንድ ጉዳት ብቻ ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። ቡድኑ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ አባላቱን የልምምድ ሰዓት ቢያሸጋሽግላቸው፣ ከሩጫ በላይ እንደሚያስብላቸው ያሳያቸዋል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ ሁሉ ለባለ ተሰጥኦው ልጅ ዕድገት እንቅፋት አይሆንም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ጭነትንና ክብርን መለየት አለብን የሚል ነው። ፈጣኑ ልጅ የራሱ ከባድ የልምምድ ቀኖች ያስፈልጉታል፤ አቅሙን የሚፈትኑ አጋሮችም ካልተገኙ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ይፈለጉለት። በሳምንት ሁለት ቀን ለብቻው መሮጡ ባህሉን አያፈርሰውም። ባህሉን የሚያፈርሰው ውኃ ከማመላለስ፣ ሰዓት ከማክበርና የመጨረሻውን ሯጭ ከመጠበቅ ነጻ መሆኑ ነው።

ሌሎች ደግሞ መልካም ባህል ሲባል ልል ሥርዓት የተባለ ይመስላቸዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በየቀኑ በሰዓቱ መገኘት፣ ቀላል በተባለበት ቀን በቀላሉ መሮጥ፣ ዕድሜን አለመዋሸት፣ የተከለከለ ነገር አለመውሰድ ጥብቅ ሥርዓት ይፈልጋሉ። ስለ ዕድሜ በተለይ ልናገር። አሰልጣኙ ውጤት ለማግኘት ሲል የልጁን ዕድሜ ቀንሶ ካስመዘገበ፣ ለመላው ቡድን ያስተማረው ትምህርት አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሐቀኝነት ቢናገር ማንም አይሰማውም። በሌላ በኩል በአንዱ ጥፋት ሁሉን መቅጣትና አዲስ ገቢን ማዋረድ ሥርዓት ሊባሉ አይገባም። በፍርሃት የተገኘ አንድነት ፍርሃቱ ሲወገድ አብሮ ይጠፋል።

ባህሉ መገንባቱን በምን እናውቃለን?

ውድ ተማሪዎች፣ አንድ ቀን የምትመሩትን ቡድን ለመገምገም የዋንጫ መደርደሪያውን አትመልከቱ። አራት ነገሮችን ጠይቁ። እናንተ ስትዘገዩ ልምምዱ በሰዓቱ ይጀመራል? የመጨረሻው ሯጭ ሲገባ ሌሎቹ አሉ? የታመመ ልጅ ሕመሙን በራሱ አንደበት ይነግራችኋል? ሩጫ ያቆመ ልጅስ ከቡድኑ ጓደኞቹ ጋር ይገናኛል፣ ትምህርቱንስ ቀጥሏል?

የአራተኛው ጥያቄ መልስ ከሁሉ ይከብዳል፤ ከሁሉም በላይ ይናገራል። ምክንያቱም ከልጆቻችሁ አብዛኞቹ አንድ ቀን ሩጫ ያቆማሉ። ነርስ፣ ገበሬ፣ ሹፌር፣ መምህር፣ ነጋዴ ይሆናሉ። ቡድኑ ለእነርሱ የነበረው ዋጋ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሰዓት ማክበርን፣ ጓደኛን መጠበቅን፣ በሰው ስኬት መደሰትን ይዘው ከወጡ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ሠርቷል። ከመካከላቸው አንዷ ወደ ኦሎምፒክ ሜዳ ብትደርስ ደግሞ፣ ከኋላዋ የቀሩት ሃያ ዘጠኙ ድሏን ከልባቸው የራሳቸው አድርገው ያዩታል። እንዲህ እንዲያዩት የሚያደርጋቸው ደግሞ ዛሬ በሜዳችን ላይ የመቆጠራቸው ነገር ነው።